ከደንገል ታንኳ ላይ የተሰማ ድምፅ

የሰው ልጅ በውሃ ላይ መሄድን ከተማረ እጅግ ብዙ ሺህ ዓመታት ሆነውታል። በውሃ ላይ ሳለ በየብስ ካለው ወገኑ ጋራ መነጋገርን ግን የተማረው ገና ትናንት ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት አንድ መርከብ ከወደብ ከወጣ በኋላ ደኅና መሆኑ የሚታወቀው ተመልሶ ሲመጣ ነበር፤ መጥፋቱም የሚታወቀው ሳይመለስ ሲቀር ነበር። በመካከሉ ያለውን ጊዜ እናቶችና ሚስቶች በጸሎትና በሐሳብ ያሳልፉት ነበር።

እኛ በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳር፣ በደልጊ የምንኖር ተማሪዎች፣ ይህን ነገር ከመጽሐፍ ብቻ የምናውቀው አይደለም። ሐይቃችን ወደ 84 ኪሎ ሜትር ርዝመትና ወደ 66 ኪሎ ሜትር ስፋት ስላለው፣ ከዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው ውሃና ሰማይ የተገናኙ ይመስሉታል። ጧት ጸጥ ብሎ የሚውለው ውሃ ነፋስ ሲነሣበት ሌላ ጠባይ ያወጣል። በዚያን ጊዜ ባለታንኳው ቢጣራ የሚሰማው ጕሮሮው እስከሚያደርሰው ድረስ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሐፍ በሚታተምበት በዚህ ዓመት፣ «ከትንሽ ጀልባ ላይ ሆኖ ከሩቅ ለመሰማት ምን ያስፈልጋል?» የሚለውን ጥያቄ በታሪክ በኩል ለመመርመር ተነሣን። መንገዱ በብዙ ውቅያኖስ ካዞረን በኋላ ወደ ገዛ ሐይቃችን መለሰን፤ ከጣና የተቈረጠ ደንገል የሬዲዮ ጣቢያ ተሸክሞ በአትላንቲክ ላይ ሄዷልና። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እንለምናለን።

ሽቦ አልባው ቴሌግራፍ ወደ ባሕር እንዴት እንደ ወጣ

ጕልየልሞ ማርኮኒ የተባሉት ኢጣልያዊ ታኅሣሥ 3 ቀን 1894 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ ጠረፍ በኒውፋውንድላንድ ደሴት ቆመው፣ ከእንግሊዝ አገር የተላከ ምልክት መስማታቸውን ለዓለም አስታወቁ። ምልክቱ ሦስት ነጥብ ብቻ ነበር፤ ይኸውም በሞርስ ፊደል «ኤስ» የሚባለው ነው። ለእኛ ጥያቄ ዋናው ነገር ግን ማርኮኒ ምልክቱን የተቀበሉበት መሣሪያ ነው። በዚያ ነፋሻ ኰረብታ ላይ ረጅም ምሶሶ ስላልነበራቸው፣ የአንቴናውን ሽቦ በነፋስ በሚንሳፈፍ ካይት አስረው ወደ ሰማይ ሰደዱት። እንግዲህ የሩቅ ሬዲዮ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ «ሽቦውን በምን ከፍ እናድርገው?» የሚል ጥያቄ ያለበት ታሪክ ነው።

ምድር ድቡልቡል ሆና ሳለ ሞገዱ እንዴት ከአድማስ ማዶ ሊደርስ እንደ ቻለ በጊዜው ብዙ ሰው ተደነቀ። ወዲያው አሜሪካዊው ኬኔሊና እንግሊዛዊው ሄቪሳይድ በሰማይ ከፍታ ላይ ሞገድን ወደ ምድር የሚመልስ ንብር መኖር አለበት ሲሉ ገለጹ። በ1917 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው አፕልተን ንብሩ በእውነት መኖሩን በሙከራ አረጋገጡ። ዛሬ አዮኖስፌር የምንለው ይኸው ነው። አጭር ሞገድ ወደዚያ ወጥቶ፣ ተመልሶ ወርዶ፣ አንዳንድ ጊዜም ደጋግሞ እየነጠረ የምድርን ግማሽ ያህል ሊጓዝ ይችላል።

ሬዲዮ በባሕር ላይ ያለውን ዋጋ ዓለም ሁሉ የተረዳው በሚያዝያ 1904 ዓ.ም. ታይታኒክ በሰጠመች ጊዜ ነው። ከአንድ ሺህ አምስት መቶ የሚበልጥ ሕዝብ ቢያልቅም፣ ካርፓቲያ የተባለችው መርከብ የጭንቀቱን ጥሪ በሬዲዮ ሰምታ ስለ ደረሰች ወደ 700 የሚሆኑ ሰዎች ዳኑ። ከዚያ በኋላ በትልልቅ መርከቦች ላይ ሬዲዮ ማኖር በሕግ እየታዘዘ ሄደ።

ትንሹ ባለ ሸራ ጀልባ ግን ገና ዝም እንዳለ ነበር። የጊዜው ማሰራጫ ከባድ ነበር፤ ብዙ ኀይልም ይፈጅ ነበር። ይህን ካቀለሉት መካከል በገንዘብ ሳይቀጠሩ ለፍቅሩ ብቻ ሬዲዮ የሚሠሩ፣ አማተር የሚባሉ ሰዎች ይገኛሉ። በ1915 ዓ.ም. ቦውዶይን የተባለች የአሜሪካ ባለ ሸራ መርከብ ወደ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ስትጓዝ፣ ዶናልድ ሚክስ የተባሉ አማተር የሬዲዮ ጣቢያ ይዘው አብረዋት ሄዱ። መርከቢቱ በበረዶ ተከባ በከረመችበት ወራት ድምፅዋ ከአሜሪካ አማተሮች ጆሮ ይደርስ ነበር። ከዚህ በፊት ወደዚያ የሄደ ሰው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እንደ ሞተ ይቈጠር እንደ ነበር ስናስታውስ፣ ነገሩ ምን ያህል ትልቅ እንደ ሆነ እንረዳለን።

አንቴናን ስለ መምረጥና ስለ መትከል

ታሪኩን በደንብ ለመረዳት ጥቂት የፊዚክስ ትምህርት ያስፈልጋል። በትንሽ ጀልባ ላይ አንቴና የሚተክል ሰው ሦስት ነገሮችን ማሰብ አለበት።

መጀመሪያ ርዝመትን ያስባል። ቀጥ ብሎ የሚቆም አንቴና በደንብ እንዲሠራ የሞገዱን ርዝመት አንድ አራተኛ ያህል ቢሆን መልካም ነው። ስለዚህ ለ20 ሜትር ሞገድ 5 ሜትር ሽቦ፣ ለ40 ሜትር ሞገድ 10 ሜትር ሽቦ፣ ለ80 ሜትር ሞገድ 20 ሜትር ሽቦ ያስፈልጋል ማለት ነው። በጠቅላላው አነጋገር አጭሩ ሞገድ ለቀንና ለሩቅ መንገድ፣ ረዘም ያለው ለሌሊትና ለቅርብ ይስማማል። ጀልባው ግን ምሶሶው ከሚፈቅደው በላይ ሽቦ ሊሸከም አይችልም።

ሁለተኛ መሬትን ያስባል። አንቴናው ከላይ ያለው ግማሽ ሲሆን፣ ከበታቹ ሌላ ግማሽ ይፈልጋል፤ እርሱም የመሬት ሽቦ የሚባለው ነው። በጀልባ ላይ መሬት ስለሌለ የመዳብ ሳሕን ወይም ሽቦ ከውሃው ጋራ ይገናኛል። የባሕር ውሃ ጨው ስላለበት ኤሌክትሪክን ከጣፋጭ ውሃ ብዙ መቶ እጥፍ ያሳልፋል። ስለዚህ ከውቅያኖስ ላይ ያለ ትንሽ ማሰራጫ በየብስ ካለ ከብዙ ትልቅ ማሰራጫ ይልቅ ሊሰማ ይችላል።

ሦስተኛ ማገጃንና ጥንካሬን ያስባል። አንቴናው ከምሶሶውና ከእርጥብ ገመድ ጋራ ከተነካካ ኀይሉ ወደ ውሃው ይፈስሳል። ስለዚህ በሸክላ፣ በመስተዋት ወይም በሌላ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ማገጃ ይለያል። የአሁኖቹ ባለ ሸራ ጀልባዎች ምሶሶአቸውን ከኋላ በኩል የሚወጥር የብረት ገመድ ስላላቸው፣ ብዙ ባለጀልባዎች ያንኑ ገመድ ከላይና ከታች በሁለት ማገጃ ቈርጠው አንቴና ያደርጉታል። ሌሎቹ ወደ 7 ሜትር የሚሆን እንደ አለንጋ የሚተጣጠፍ ዘንግ ከጀልባው ጀርባ ይተክላሉ። የመጀመሪያው ረጅም ስለ ሆነ የተሻለ ይሰማል፤ ነገር ግን ምሶሶ ሲሰበር አብሮ ይወድቃል። ሁለተኛው አጭር ቢሆንም ምሶሶው ሲወድቅ ይተርፋል። ማንኛውንም ቢመርጡ መጋጠሚያው ሁሉ ከጨው መከላከል አለበት፤ በሚያሰራጩበትም ጊዜ ሽቦውን በእጅ የሚነካ ሰው ይቃጠላልና ከሰው መድረሻ መራቅ አለበት።

ስድስት ዋት በሰላማዊው ውቅያኖስ

ከዚህ በላይ ያልነው ሁሉ በኰን ቲኪ ጉዞ ላይ በተግባር ታየ። ቶር ሄየርዳል የተባሉት ኖርዌያዊ ከአምስት ጓደኞቻቸው ጋራ ሚያዝያ 20 ቀን 1939 ዓ.ም. ከፔሩ አገር ተነሥተው፣ ከባልሳ ግንድ በተጠፈረ ታንኳ ላይ 101 ቀን ተጕዘው፣ ነሐሴ 1 ቀን 1939 ዓ.ም. በራሮያ ደሴት ደረሱ። ሬዲዮውን የያዙት ክኑት ሃውግላንድና ቶርስታይን ራቢ ነበሩ። እነዚህ ሁለት ሰዎች አገራቸው በጀርመን በተያዘች ጊዜ በስውር ሬዲዮ የሠሩ አርበኞች ናቸው። የጣቢያቸው መጠሪያ «ኤል አይ 2 ቢ» ይባል ነበር።

የማሰራጫው ኀይል ወደ 6 ዋት ብቻ ነበር፤ ይህም የአንድ ትንሽ የእጅ ባትሪ ያህል ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በየካቲት 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ እያንዳንዳቸው 100,000 ዋት ያላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት። ኰን ቲኪ ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከባትሪና በእጅ ከሚዘወር ጄኔሬተር ነበር።

የአንቴናው ነገር ግን ብዙ አደከማቸው። የታንኳዋ ምሶሶ ቁመት 8 ሜትር ከ80 ያህል ነበር። ከላይ የሰጠነውን ሒሳብ የያዘ አንባቢ ችግሩን ወዲያው ያገኘዋል፤ ለ20 ሜትር ሞገድ ምሶሶው ይበቃል፣ ለ40 ሜትር ሞገድ ግን ያጥራል። ስለዚህ እንደ ማርኮኒ ሽቦውን በካይት ሰደዱት፤ ድንገተኛ ነፋስ ካይቱን ወደ ባሕር ወረወረው። በፊኛ ሰደዱት፤ የምድር ወገብ ፀሐይ ፊኛውን በሳሳው። በዚህም ላይ ያሳፈሩት በቀቀን የሬዲዮ ሽቦ መቀርጠፍን ልማድ አደረገ። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ከአሜሪካ አማተሮች ጋራ ዘወትር ይነጋገሩ ነበር፤ ሐምሌ 29 ቀን 1939 ዓ.ም. ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር ከሚርቀው ከአገራቸው ዋና ከተማ ከኦስሎ ጋራ ተገናኙ። ታንኳዋ ከኮራሉ ዐለት ጋራ በተጋጨች ጊዜ መሣሪያው በውሃ ራሰ። ሰዎቹ ግን በትዕግሥት አድርቀው፣ ይፈልጓቸው ለነበሩት ሁሉ ደኅና መሆናቸውን ለማስታወቅ በቁ።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ስድስት ዋት የተሰማው በሌላኛው ወገን ሌሊቱን ነቅተው የሚያዳምጡ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። አንዱ ሰምቶ ለሌላው ያስተላልፍ ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ያገራችን ተረት ለሬዲዮም ሥራ ይስማማል።

የጣና ደንገል በአትላንቲክ ላይ

አሁን ወደ ሐይቃችን እንመለስ። ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ ውቅያኖስን ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበር ለመፈተን ዐሰቡ። ነገር ግን ፈርዖኖች መርከብና ወረቀት ይሠሩበት የነበረው ደንገል ከግብፅ ምድር ጠፍቶ ነበር ለማለት ይቻላል። የሚበቃውን ያህል ደንገል ያገኙት ከእኛ፣ ከጣና ሐይቅ ነው። ከዚህ የተቈረጠው ደንገል በየብስና በቀይ ባሕር ተጓጕዞ ወደ ግብፅ ደረሰ። የቻድ ሐይቅ ሰዎችም በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ «ራ» የተባለችውን መርከብ ከርሱ ሠሩ። የደንገል ዐዋቂዎች የተባሉ ሊቃውንት ግን ደንገሉ በባሕር ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ እንደማይቈይ ተናግረው ነበር።

ራ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሣች። በላይዋ ከሰባት አገር የመጡ ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ ኖርዌያዊ፣ አሜሪካዊ፣ ሩሲያዊ፣ ኢጣልያዊ፣ ሜክሲካዊ፣ ግብፃዊና ቻዳዊ። የምትሰቅለውም የተባበሩት መንግሥታትን ባንዲራ ነበር። በመርከብ አመራርና በሬዲዮ ላይ የተሾሙት አሜሪካዊው ኖርማን ቤከር ነበሩ፤ የጣቢያውም መጠሪያ ያው የኰን ቲኪ «ኤል አይ 2 ቢ» ነበር።

በደንገል መርከብ ላይ አንቴና መትከል ከሌላው ሁሉ የተለየ ነው። ደንገል ምስማር አይዝም፤ አንድ ምሶሶ ሊተከልበት የሚችል የእንጨት አከርካሪም የለውም። ስለዚህ በጥንቱ የግብፅ ሥዕል እንደሚታየው ሁለት እግር ያለው፣ ከላይ የሚገናኝ ምሶሶ ግራና ቀኝ ቆሞ በገመድ ይታሰራል። መወጠሪያው ሁሉ ገመድ ስለ ሆነ አንቴና የሚሆን የብረት ገመድ አይገኝም፤ የመዳብ ሽቦ ለብቻው መዘርጋት ያስፈልጋል። ገመዱም በባሕር ጨው ሲርስ ኤሌክትሪክ ያሳልፋልና ማገጃው ሊረሳ አይገባም። በሌላ በኩል ደግሞ ደንገል መርከብ እንደ ብረት መርከብ ሞገድን የሚጋርድ አካል የለውም፤ በበታቹም ከመሬት ሽቦ ሁሉ የሚበልጠው የጨው ውሃ አለ።

ራ ከሁለት ሳምንት አልፋ ለሁለት ወር ያህል ተጓዘች። ነገር ግን የኋላዋን ከፍ አድርጎ የሚይዘው፣ በግብፅ ሥዕሎች ላይ የሚታየው ገመድ በሠሪዎቹ ስለ ተተወ፣ ጀርባዋ እየሰጠመ ሄደ፤ ከአሜሪካ ደሴቶች በፊት ጥቂት ሲቀራትም ሰዎቹ በሌላ መርከብ ተነሥተው ተዋት። ሄየርዳል ግን ተስፋ አልቈረጡም። እንደገና የኢትዮጵያ ደንገል አስመጥተው፣ በቦሊቪያ ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ ሰዎች እጅ «ራ 2»ን አሠሩ። እርስዋም ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሥታ፣ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ በ57 ቀን ተጕዛ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1962 ዓ.ም. ባርባዶስ ደሴት ገባች። ዛሬ በኦስሎ ከተማ በኰን ቲኪ ቤተ መዘክር ቆማ ትታያለች።

አንድ የታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባዋል። የራ 2 ጉዞ ጥንታውያን ሰዎች ይህን ማድረግ ይችሉ እንደ ነበር ያስረዳል፤ አድርገውታል ማለትን ግን አያስረዳም። እኛ በበኩላችን በማያጠራጥር የተረዳነው ሌላ ነገር ነው። አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የታመኑበት ደንገል ሊቃውንቱ ከገመቱለት በላይ ቈይቷል። የጣና ባለታንኳ ታንኳውን ከተጠቀመበት በኋላ ከውሃ አውጥቶ የሚያደርቀው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የደንገልን ጠባይ የተማረው በእጁ ነው።

ሄየርዳል በ1970 ዓ.ም. ትግሪስ በተባለች ሦስተኛ የሸምበቆ መርከብ ከኢራቅ ተነሥተው እስከ እኛ ጎረቤት እስከ ጅቡቲ መጥተው ነበር። በቀይ ባሕርና በአፍሪቃ ቀንድ የነበረው ጦርነት መንገዱን ስለ ዘጋባቸው፣ መጋቢት 25 ቀን 1970 ዓ.ም. መርከባቸውን ለተቃውሞ በእሳት አቃጠሏት። ሬዲዮ ድምፅን በጦር ሜዳ ላይ ያሳልፋል፤ ጀልባን ግን ሊያሳልፍ አይችልም።

ለእኛ የቀረልን ሥራ

ታሪኩን ካነበብን በኋላ ሁለት ነገር ልባችንን ነካው።

አንደኛው የሐይቃችን ሰዎች ደኅንነት ነው። ከላይ ያለውን ትምህርት ለጣና ብናውለው መልሱ ከውቅያኖሱ ይለያል። የጣና ውሃ ጣፋጭ ስለ ሆነ እንደ ባሕር ጥሩ የመሬት ሽቦ አይሆንም። ርቀቱም የውቅያኖስ ርቀት አይደለም፤ እጅግ አጭሩ ሞገድ በቀጥታ ሊደርስበት ይችላል። የዚህን ሞገድ መድረሻ በኪሎ ሜትር ለማግኘት የአንቴናውን ቁመት በሜትር ወስዶ ስኩዌር ሥሩን በ4.1 ማባዛት ነው። 9 ሜትር ምሶሶ ያለው ጀልባ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ያገኛል። በዳር ያለ 100 ሜትር ምሶሶ ግን ብቻውን 41 ኪሎ ሜትር ያገኛል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 53 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ በጣና ላይ ጥሩ አንቴና መቆም ያለበት በታንኳው ላይ ሳይሆን በዳር ባለው ከፍተኛ ስፍራ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚይዘው ተንቀሳቃሽ ስልክም ሬዲዮ ነውና በዚሁ ሕግ ይገዛል። ነገር ግን ከኰን ቲኪ እንደ ተማርነው፣ ምሶሶ ቢቆምም የሚያዳምጥና የሚደርስ ሰው ከሌለ ጥሪው ከንቱ ነው።

ሁለተኛው የማስታወስ ነገር ነው። ስለ ራ በሚነገረው ታሪክ የመርከበኞቹ ስም፣ የቲቲካካ ሠሪዎችም ስም ተጽፎ ይገኛል። በጣና ዳር ውሃ ውስጥ ቆመው ያን ሁሉ ደንገል ያጨዱት፣ ያሰሩትና የተሸከሙት ሰዎች ስም ግን እምብዛም አይነሣም። በ1961 ዓ.ም. የ20 ዓመት ጐልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ከ75 ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገ ቢጠይቁት ላይገኝ ይችላል። ደንገሉም ራሱ ዳሩ እየታረሰ ሲሄድ፣ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁን ሲወር፣ እየተጨነቀ ነው።

ስለዚህ በየመንደሩ ያላችሁ ወላጆችና አያቶች፣ ደንገል ወደ ሩቅ አገር የተጫነበትን ጊዜ የምታስታውሱ ብትኖሩ ለልጆቻችሁ እንድትነግሩ በትሕትና እንለምናለን። ከእኛ በኋላ በዚህ ትምህርት ቤት የምትማሩ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ እንድትጽፉ ዐደራ እንላችኋለን። ስማቸው ከተገኘ በሚቀጥለው የበዓል መጽሐፍ ይታተም። ስድስት ዋት ውቅያኖስን ከተሻገረ፣ የአንድ ሽማግሌ ቃል ከደልጊ ዳር እስከ ትምህርት ቤታችን ሊደርስ አይሳነውም።